«ይለፍ» የሚለው ማኅተም

አንድ የልጆች የሳል ሽሮፕ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። በፋብሪካው ውስጥ አሰገደች የምትባል የጥራት ተቆጣጣሪ ትሠራለች። ጠረጴዛዋ ላይ «ይለፍ» የሚል ማኅተም አለ። ይህ ማኅተም ያላረፈበት በርሜል ከመጋዘን ወጥቶ ወደ ማምረቻው አይገባም። አሰገደች በሥራው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች፤ የማኅተሙ እጀታ የጣቶቿን ቅርጽ ይዟል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገባና ከተማው በሙሉ ሳል ያዘው። ፋርማሲዎች ሽሮፕ አምጡ እያሉ ይደውላሉ። በዚያው ሳምንት ሽሮፑ የሚሠራበት ግሊሰሪን የተባለ ጣፋጭ ፈሳሽ በአራት ሰማያዊ በርሜሎች መጣ። የምርመራ ወረቀቱም አብሮ መጣ፤ ንጹሕ ነው፣ ፊርማም ማኅተምም አልጎደለውም። አሰገደች የራሷን ማኅተም አነሳች። ልታሳርፈው ስትል ግን ቁጥሮቹን የምታውቃቸው መሰላት። ያለፈውን ዓመት ወረቀት ከፋይል አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አንድ ናቸው። መንታ ልጆች እንኳ እንዲህ አይመሳሰሉም።

ባለፋብሪካው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«አሰጉ፣ ማሽኑ ቆሞ አንቺን ይጠብቃል። ወረቀት የለውም እንዴ?»

«ወረቀትማ አለው ጋሼ። ልጆቹ የሚጠጡት ግን ወረቀቱን አይደለም።»

«እስከ ማታ ጊዜ አለሽ» አሉና በሩን ከወትሮው ጠንከር አድርገው ዘግተው ወጡ።

አሰገደች ለአቅራቢው ደወለች። በርሜሉን ከፍቶ አይቶት እንደሆነ ጠየቀችው።

«እኔ? ምን ነካሽ እህቴ! ብከፍተው ተነካክቷል ብላችሁ ትመልሱብኝ የለ? አስመጪውን ጠይቂው።»

አስመጪው ትሑት ሰው ነበር። «ወረቀቱን በራሴ አርማ ላይ የገለበጥኩት ለወግ ያህል ነው እንጂ እኔ ምኑን አውቀዋለሁ? የወደቡ ወኪል የሰጠኝ ነው» አላት።

ወኪሉ ስልኩን ያነሳው ከቀትር በኋላ ነው።

«ዋናው ወረቀት መንገድ ላይ ጠፋ» አለ ሳይጨነቅ። «እኔም ያለፈውን ዓመት ቁጥር አስገባሁበት። ግን አይስጉ። ያን ያለፈውን ዓመት ዕቃ የፈተሸው ሰው ቀላል አይደለም። የተረከቡበት ደብዳቤ ይኸው እጄ ላይ ነው፤ ‹ይለፍ› ይላል። በጣም ጥንቁቅ ሴት ናቸው አሉ፤ አሰገደች ይባላሉ። ያውቋቸዋል?»

«አውቃታለሁ» አለች አሰገደች። «ያን ያህል ጥንቁቅ አይደለችም።»

ስልኩን ስትዘጋ ያለፈው ዓመት ዕቃ የመጣበትን ቀን አስታወሰች። የበዓል ዋዜማ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ይጠብቅ ነበር። እሷም በርሜሉን ሳትከፍት ያሳለፈችው ወረቀቱ የተሟላ ስለሆነ ነው። አሁን ደግሞ ወረቀቱ የተሟላው እሷ ስላሳለፈችው ነው።

ከአራቱም በርሜሎች ናሙና ወስዳ ወደ ላቦራቶሪ ላከች። ማኅተሙን ስላላሳረፈች ማሽኑ ሁለት ቀን ቆመ። ባለፋብሪካውም ሁለት ቀን በሩን ጠንከር አድርገው ሲዘጉ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ፤ በርሜሎቹ ውስጥ ከግሊሰሪኑ ጋር የመኪና ሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተደባልቋል። ለሞተር የሚበጀው ይህ ፈሳሽ የሕፃን ኩላሊት ያቆማል።

ባለፋብሪካው ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ የናሙናው ትራፊ ያለበትን ጠርሙስ አንስተው አሸተቱ።

«ምንም አይሸትም እኮ። ጣዕሙስ?»

«ይጣፍጣል አሉ። እንዳይቀምሱት ብቻ።»

ጠርሙሱን ቀስ ብለው መለሱት።

የቀረው ያለፈው ዓመት ዕቃ ነው። ሽሮፑ ከተጠጣ ቆይቷል፤ ከግሊሰሪኑ ግን ማምረቻው ውስጥ ሲከፈት የተቀዳች አንዲት ብልቃጥ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። አሰገደች እሷንም አስመረመረች። ውጤቱን እስክትሰማ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ዕቃው ንጹሕ ነበር።

«ይኸው!» አሉ ባለፋብሪካው ፊታቸው በርቶ። «አልተሳሳትሽም ነበር!»

«ተሳስቻለሁ ጋሼ። ዕቃው ነው ያልተሳሳተው።»

በማግሥቱ አዲስ ማኅተም አሠራች። «ይለፍ» የሚለው ቃል ማን እንዳየ አይናገርም። አዲሱ ማኅተም «ከፍቼ አይቻለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የፈራሚው ስም ይጻፋል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ ግን በርሜል ሳይከፍቱ ያንን ማኅተም ማንሳት እጅ እንደሚከብድ ሁሉም ደረሱበት።

ፈሳሹን የቀላቀለው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ግን ሕፃን ልጉዳ ብሎ የተነሳ የለም። እያንዳንዱ ያመነው ከእሱ በፊት ያለውን ሰው ነው፤ መተማመናቸውም ዞሮ ዞሮ አንድም ዓይን ዕቃው ላይ ሳያርፍ ወደ ተነሳበት ተመለሰ። ሌላውን ማመን ክፉ አይደለም፤ በሰንሰለቱ ውስጥ ግን ቢያንስ አንድ ሰው ክዳኑን መክፈት አለበት። ያ ሰው ሌላው ነው ብለን ሁላችንም ስናስብ ማንም አይከፍተውም።

እርስዎስ ዛሬ «ይለፍ» ያሉትን ነገር ማን ከፍቶ አይቶታል?