አጭሩ ቆጣሪ የወደቀበት ሰዓት

«አንድ ገመድ ያዥ ነበረ» አሉ መምህር ዘሪሁን።

የኮምፒውተር የውስጥ ሥርዓት የምትጽፈው ወይንሸት እንዲህ ብላ ጠይቃቸው ነበር፦ «መምህር፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲተኛ፣ ጊዜ ቆጣሪውን እንዲያይ ብቻ እየቀሰቀስነው ባትሪ እንጨርሳለን። ዝም ብለን ብናስተኛውስ? ሲነቃ ካሁኑ ቁጥር የቀድሞውን ቀንሶ ምን ያህል እንደተኛ ያውቃል።»

ይህ ገመድ ያዥ ከእህቱ ባል ጋር የውኃ ጉድጓድ እየቆፈረ ይኖር ነበር። አማቹ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ይወርዳል፤ እሱ ከላይ ሆኖ ይጠብቃል። ጉድጓዱ ጠልቆ አለት ላይ ሲደርሱ ከታች ያለው አየር ያፍን ጀመር። ስለዚህ ተማከሩና ከግማሽ ሰዓት በላይ ከታች ላለመቆየት ተስማሙ።

ሰዓት የሚይዘው ገመድ ያዡ ነው። ያለችው አንዲት አሮጌ የኪስ ሰዓት ስትሆን አጭሩ ቆጣሪዋ ወድቋል። እህቱ «አሠራት እንጂ» ብትለው «ግማሽ ሰዓት ለመለካት ረጅሙ ይበቃኛል» አላት። እውነቱን ነው፤ ደጋግሞ እስካየ ድረስ ይበቃዋል።

አንድ ቀን አማቹ ሲወርድ ረጅሙ ቆጣሪ አሥራ ሁለት ላይ ነበር። ፀሐዩ ከርሯል። ሰውዬው ጥላ ሥር ተቀምጦ የመዶሻውን ድምፅ ሲያዳምጥ ዓይኑ ተከደነ። ሲገልጠው ፈጥኖ ሰዓቷን አየ። ቆጣሪው ሁለት ላይ ነው። አሥር ደቂቃ። «ሸለብ አድርጎኝ ኖሯል» አለና ተረጋጋ። ከታች ድምፅ አይሰማም። አማቹ ገና በአሥር ደቂቃው ማረፍ መጀመሩ አሳቀው፤ የላላውን የባልዲ ማንጠልጠያ አንሥቶ ያጠብቅ ጀመር።

በዚያ መሐል አንዲት ጎረቤቱ ዱቄት ተሸክማ መጣች።

«ዛሬ ብዙ ጊዜ ወረደ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ ገና የመጀመሪያው ነው። አሁን መውረዱ ነው።»

ሴትዮዋ ሸክሟን አወረደች። «እህል ይዤ ሳልፍ ሲወርድ አይቼዋለሁ» አለች። «ወፍጮ ቤት ወረፋ ጠብቄ፣ አስፈጭቼ ነው የምመለሰው።»

ሰውዬው ዱቄቱን አየ። ሰዓቷን አየ። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ ተጣራ፤ የመለሰለት የራሱ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱም ገመዱን ይዘው ሳቡ። የሚወጣው ነገር እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ግድግዳው ላይ እየተጋጨ ይመጣል፤ አማቹ እጁን ዘርግቶ አላገዛቸውም። አፋፉ ላይ ሲያወጡት ከንፈሩ ጠቁሯል።

አልሞተም። ብዙ ቆይቶ ትንፋሹ ተመለሰ። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቀኝ እጁ መዶሻ አልጨበጠም፤ የልጆቹን ስም ለመጥራት እንኳ አንደበቱ እየተሳሰረ ይቀር ነበር።

እህቱ ስትደርስ ወንድሟ አላለቀሰም። ሰዓቷን ዘርግቶ «አሥር ደቂቃ ነው ያለችኝ» ይላት ነበር፤ ደጋግሞ። እህቱ ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገቻት። ሰዓቷ ደህና ትሄዳለች። አልቆመችም፣ አልዘገየችም። ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት አሥር ደቂቃ መሆኑም ልክ ነው። መሐል ላይ አንድ ሙሉ ዙር እንዳለፈ ግን የሚናገር ምንም ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም።

መምህሩ ወደ ወይንሸት ዞሩ።

«የማሽኑም ቆጣሪ የሚይዘው ቁጥር ልክ አለው፣ ልጄ። ሲሞላ አይጮህም፤ ወደ ዜሮ ተመልሶ ጉዞውን ይቀጥላል። ዙሩ ሳይሞላ ካየሽው መቀነሱ እውነቱን ይነግርሻል። ዙሩ ካለፈ በኋላ ካየሽው ያው ቅነሳሽ፣ አንዳች ሳይሳሳት፣ ትንሽና የሚታመን ሐሰት ይሰጥሻል። ስለዚህ ማሽኑ ከመተኛቱ በፊት ቆጣሪው እስከ ምን ድረስ እንደሚችል እናሰላና፣ ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ጊዜ እንቀሰቅሰዋለን። ባትሪ መፍጀቱ እውነት ነው። ግን ሲነቃ ያውቃል አልሽኝ። ያ ሰው ነቅቶ ነበር። ሰዓቷን አይቶ ነበር፣ ቀንሶም ነበር። የባልዲውን ማንጠልጠያ ያጠብቅ የነበረው ከዚያ በኋላ ነው።»