ጥያት አልሄድም

አንዲት ሴት አንድ ቃል አሥራ አንድ ዓመት በሆዷ ይዛ ኖረች።

ቃሉ የወጣው ከአማቷ ከእማማ የሻረግ አፍ ነው። ባሏ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ከገጠር ለልጃቸው ለቅሶ የመጡት እናት በሰው ፊት፣ «ይህችን ጋለሞታ እዚህ ቤት ጥያት አልሄድም» አሉ።

ሴትየዋ የከተማ ልጅ ናት። ጋለሞታ ማለት ለእሷ ገላዋን የምትሸጥ ናት። ስሜን አጠፉት፣ ቤቴንም ሊቀሙኝ ነው አለች። የአማቷን ዘንቢል አንስታ ደጅ ወረወረችው። እማማ የሻረግ ምን አጠፋሁ ብለው ጠየቁ። በሩ ተዘጋባቸው።

በየዓመቱ ከገጠር ቅቤ ይላካል፤ ትመልሳለች። ሽማግሌ ይመጣል፤ ስማቸውን አትጥሩብኝ ትላለች። አባታችን ሆይ ስትደግም እንኳ ይቅርታው ላይ ስትደርስ አፏን ትዘጋለች። እልኸኛ ናት፤ እናንተ ታውቋታላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ እሷው ናችሁ።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ፣ ከሟች ባሏ አገር የመጣች ሴት ጆንያዋ ከብዷት፣ «እኔ ጋለሞታ ነኝ፣ ማን ይሸከምልኛል?» ስትል ሰማች። ሰዉ ሳቀ።

«በገዛ አፍሽ ራስሽን ትሰድቢያለሽ?» አለቻት።

«ምን አልኩ? ባሌ ሞቷል አልኩ እንጂ። እኛ ዘንድ ባል የሌላት ጋለሞታ ነው የምትባለው፣ ከጥንትም። ቃሉን ያበላሻችሁት እናንተ ከተሜዎቹ ናችሁ።»

ሴትየዋ እህሏን እንኳ ሳታነሳ ወጣች።

እስቲ አሁን መልሳችሁ ስሙት። ይህችን ባል የሞተባት ልጅ ብቻዋን ጥያት አልሄድም። ልጃቸውን የቀበሩ እናት ያሉት ይህን ነው። ይሄ ስድብ ነው? «ምን ማለትዎ ነው?» ሦስት ቃል ነው። ሦስት ቃል አጥታ አሥራ አንድ ዓመት ከፈለች። እናንተስ ጠይቃችኋል? ወይስ የሰማችሁትን ይዛችሁ በሩን ዘጋችሁ?

ገጠር ስትደርስ የእማማ የሻረግ ዓይን ጠፍቷል፤ ልቦናቸውም ሄዶ ሰው መለየት ትተዋል።

«ማነሽ?» አሏት።

«ጋለሞታዋ ነኝ፣ እማማ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «እሷማ አልመጣችም» አሉ።

በማግስቱም ነገረቻቸው። አልመጣችም አሉ። በሳምንቱም አልመጣችም።

ሴትየዋ ዘንቢሏን አስቀመጠች። «ጥዬዎት አልሄድም» አለች። ዛሬም እዚያው ናት፤ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች። ይቅር ብዬሻለሁ የሚላት ግን የለም።

ወገኖቼ፣ ያባረራችሁት ሰው ስማችሁን ገና ያውቃል? እንግዲያስ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ።