ለሀዋ ያልደረሰው ቀሚስ

ሀጂ እንድሪስ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ በአንዲት አሮጌ ከተማ ከጁመዓው መስጂድ ሥር ልብስ ይሰፉ ነበር። ሰላታቸው አያልፋቸውም፤ የተረፈች ቅዳጅ ጨርቅ እንኳ ለባለቤቷ ይመልሳሉ። አንድ ደዌ ግን ነበረባቸው፤ ስፌት ፀጉር ታህል ከዘመመች ሙሉውን ልብስ ይተረትራሉ። የከተማው ሰው ይህን ተቅዋ ነው፣ አላህን መፍራት ነው እያለ ያወድሳቸው ነበር። ሰው መቼም ከሩቅ ሆኖ ማወደስ ይችልበታል፤ አብራ የምትኖረው ሀዋ ናት።

ሀዋ ሚስታቸው ናት። ምኞቷ እሳቸው የሰፉላትን ቀሚስ ለብሳ ለዒድ ሰላት መውጣት ነበር፤ ሌላ ጠይቃቸው አታውቅም። ሰፉላት። በዒዱ ማለዳ ለብሳ፣ ኩል ተኩላ፣ ከደጅ ስትደርስ አዩና የግራው ትከሻ ዝቅ ብሏል፣ አውልቂው አሏት።

«ተዉኝ እንጂ ሀጂ። የምቆመው አላህ ፊት ነው፤ እሱ ትከሻዬን ያውቀዋል።»

«የእንድሪስ ሚስት ጠማማ ለብሳ አትወጣም።»

አወለቀች። በአሮጌው ሄደች። ለሰላት የወጡት ሴቶችም አልለቀቋትም፤ ሀጂ ከተማውን አልብሰው ሲጨርሱ ላንቺ ክር አለቀባቸው ወይ እያሉ ሳቁባት። አብራ ሳቀች። ቤቷ ገብታ የሆነችውን፣ ሴት የሆነች ታውቀዋለች።

ቀሚሱ ተተረተረ፣ ተሰፋ፣ ደግሞ ተተረተረ። ሌላ ዒድ መጥቶ ሄደ። በክረምቱ ሀዋን ደረቷን ያዛት፤ ሳትነሣ ቀረች። ቀሚሱ እጅጌ እንኳ አልገባለትም ነበር።

ሴቶቹ አጥበዋት ከፈኑ ሲቀደድ ጠርዙ ተንሻፈፈ። ሀጂ መርፌ ይዘው ከመጋረጃው ወዲህ ቆሙ፤ ጠርዙን ልዘምዝመው፣ እንዲህ ሆና አትሄድም አሉ። አጣቢዋ ራህመት ምላሷ ምሕረት አያውቅም።

«ከፈን አይዘመዘምም፣ ሀጂ። ጀናዛም ሳይቀበር አይቆይም። በሕይወቷ ያስጠበቋት ይበቃታል።»

በተንሻፈፈው እንደተጠቀለለች ሄደች። ቀብሯ ውስጥ ያወረዷት እሳቸው ናቸው፤ ያን ክሩ የተመዘዘ ጠርዝ እያዩ አፈር መለሱበት።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አብሯቸው የሚሰፋው ይመር የአንድ ሰው ጀለቢያ አንገቱን አጣሞ ሰፍቶ አመጣ። ባለቤቱ ለጁመዓ ሊለብሰው ደጅ ቆሟል። ይመር እንደ ልማዳቸው ፊቱ ላይ ሊተረትሩበት ነው ብሎ አቀረቀረ። ሀጂ ልብሱን አገላብጠው አዩ። እጃቸው ወደ መቀሱ ሄደ፤ ተመለሰ።

«ጥመቱ ይታየኛል» አሉ። «ስጠው። ገላው ሳለ ይልበሰው።»

ሰው ይህን ሲያወሳ ሀጂ ተማሩ ይላል። ተማሩ፤ በሀዋ ገላ ነው የተማሩት። ሥራን ማሳመር ኢህሳን ነው፣ አልክድም። ስሜ እንዳይነቀፍ ብሎ ሰውን ደጅ ማስጠናት ግን ኪብር፣ ትዕቢት ነው፤ ኪብር ተቅዋ መስሎ ሲመጣ ማን ይለየዋል? እንከን የሌለው አላህ ብቻ ነው። የአደም ልጅ እጅ ይዘምማል፤ የዘመመውን ይዘህ ለሚጠብቅህ ድረስለት። ሀዋን በጀነት አላህ ያለብሳታል፤ ያ የሀጂ ሥራ አይደለም። የሀጂ ሥራ እዚህ ነበር፤ አለፋቸው።