አልፈርምም ያለችው መካኒክ

አንዲት ይመናሹ የምትባል መካኒክ ነበረች። በአንድ ሩቅ ወረዳ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ስትፈታና ስትገጥም ሃያ ዓመት ሆኗታል። ወረዳው ያለችው አንዲት አምቡላንስ ብቻ ናት፤ ለድንጋይና ለጭቃ የተሠራች፣ ቤንዚን በፓምፕ ግፊት እየተረጨላት በኢንጀክሽን የምትሠራ ብርቱ መኪና። በሽተኛ ከቆላ አንሥታ ደጋ ላይ ያለው ሆስፒታል ለማድረስ ግን አገሬው «ጉልበት ሰባሪ» የሚለውን ዳገት መውጣት አለባት።

አንድ የክረምት ቀን አምቡላንሷ ምጥ የያዛት ሴት ጭና ስትመለስ ሞተሯ ዳገቱ መሃል ላይ ጠፋ። ቢሉት ቢሠሩት አልነሣ አለ። ሰዎች ሴትዮዋን በቃሬዛ ተሸክመው ወጡ። እናቲቱ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

የወረዳው ኃላፊ አቶ ልንገረው ደንግጠው ከከተማ ባለሙያ አስጠሩ። ባለሙያው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «የነዳጅ ፓምፑ ደክሟል። እጥፍ ጉልበት ያለው ፓምፕ ቤንዚን መያዣው፣ ሰልባትዮው ውስጥ ይግባላት፤ አለቀ» አለ። አዲሱ ፓምፕ መጣ። ከእሱም ጋር «ለመንገድ ብቁ ናት» የሚል ወረቀት ይመናሹ እንድትፈርምበት ቀረበላት።

«ፓምፑ አልደከመም፤ ግፊቱን ለክቼዋለሁ» አለች ይመናሹ። «መኪናዋ ቤንዚኗ ጎድሎ ዳገት ስትይዝ ሰልባትዮው ውስጥ የቀረው ወደ ኋላ ይሸሻል። ፓምፑ ያን ጊዜ የሚስበው ነፋስ ነው። ጉልበቱን እጥፍ ብናደርገው ነፋሱን በእጥፍ ይስባል እንጂ ምን ይፈይዳል?»

«አንቺስ ምን ልታደርጊ ነው?» አሏት አቶ ልንገረው።

«ሞተሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ መያዣ አኖራለሁ። አንድ ደከም ያለ ፓምፕ ከሰልባትዮው እየቀዳ እሷን ሁልጊዜ ሙሉ ያድርጋት። ሞተሩን የሚመግበው ጉልበተኛው ፓምፕ ደግሞ ከእሷ ይሳብ። ታች ያለው ለጥቂት ጊዜ ነፋስ ቢስብ እንኳ ላይኛው አይራብም።»

ባለሙያው ሳቀ። «እኅቴ፣ ሁለት ፓምፕ ማለት እኮ ሁለት ብልሽት ማለት ነው።»

«እውነትህን ነው ወንድሜ። ለዚህም ነው ሁለቱንም በየሳምንቱ የምፈትሻቸው። ዳገቱን ግን ማንም ፈትሾ አያስተካክለውም።»

አቶ ልንገረው ትዕግሥታቸው አለቀ። «በቃ! ይኼንኑ ግጠሚና ፈርሚ። ትእዛዝ ነው!»

«መግጠሙን እገጥማለሁ። አልፈርምም።»

«ከሥራሽ ትባረሪያለሽ!»

«ልባረራ! ያ ፊርማ ከኋላ ለምትተኛዋ ሴት የምሰጣት ቃል ነው። ያላመንኩበትን ቃል አልሰጣትም። ከፈለጉ ሰልባትዮው ሩብ ሲቀረው አብረን ጉልበት ሰባሪን እንውጣ። ከወጣን አናቱ ላይ ቆሜ እፈርማለሁ።»

ባለሙያው ሌላ ቀጠሮ እንዳለበት ትዝ አለው። አቶ ልንገረው ግን እልህ ያዛቸውና ከጎኗ ገቡ። አዲሱ ፓምፕ ተገጥሞላት መኪናዋ ዳገቱን እያጓራች ጀመረች። መሃሉ ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ፤ ደግሞ ሳለ፤ ጸጥ አለ። በቀኝ በኩል ገደል ነው። ይመናሹ ፍሬኑን በሙሉ ክብደቷ ረገጠችው።

አቶ ልንገረው በሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ «እንዲህ ከሆነ... ሰልባትዮውን ሁልጊዜ ሞልተን እንላካት» አሉ።

«ወደ ቆላ ስትወርድማ ሙሉ ናት» አለች ይመናሹ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ። «በሽተኛው የሚጫነው ቤንዚኑን ጨርሳ ስትመለስ ነው።»

አቶ ልንገረው ገደሉን አየት አደረጉና፣ «እሺ፣ እንዳልሽው ሥሪው» አሉ። ሆኖም ሰው ፊት እምቢ መባላቸው አንገብግቧቸው ስለነበር በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉላት። እሷም ደብዳቤውን ተቀብላ ትንሿን መያዣና ሁለቱን ፓምፖች ልትገጥም መኪናዋ ሥር ገባች።

ክረምቱ ሳይወጣ ሌላ ሴት ምጥ ያዛት። አምቡላንሷ ሰልባትዮዋ ከሩብ በታች ሆኖ፣ በዚያ ጭቃ፣ አንዴም ሳትስል ጉልበት ሰባሪን ወጣች። ሆስፒታሉ ውስጥ ሴት ልጅ ተወለደች። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ እስከ ዛሬ የይመናሹ ማኅደር ውስጥ አለ። ይነሣልኝ ብላ ጠይቃም አታውቅ።

ወዳጆቼ፣ ሥራ ሲቆምብን ብዙዎቻችን የምንጨምረው ጉልበት ነው። ጉልበቱ ከምን እንደሚቀዳ አንጠይቅም። ባዶ የሚስብ ብርቱ፣ ሙሉ ከሚያቀብል ደካማ አይሻልም። ይህን ያየ ሰው ደግሞ አለቃ ቢቆጣ፣ አዋቂ ቢስቅ፣ ያየውን አላየሁም ማለት የለበትም። አንዳንዴ እምቢታ አለመታዘዝ አይደለም፤ በሥፍራው ለሌለችው ሴት መታዘዝ ነው።

እናንተስ፣ የማታምኑበት ወረቀት ፊታችሁ ቢቀርብ ዳገቱ መሃል ላይ የምትቀረው ማን እንደሆነች ታስባላችሁ?