መርዶ ለጽሕፈት ቤቱ

ዕድሜ የጠገበ አባባል ባለቤት አያጣም። ጎንደሬው «የእኛ ነው» ይላል፤ መንዜው «ከእኛ ሰምተው ነው» ብሎ ይሟገታል። አሁን የማወራላችሁን አባባል ግን ማንም ምን ቢል አልሰማም፤ መነሻው የእኛ ቀበሌ ነው። ያልመሰለው ካለ አብረን ሄደን እንጠይቃለን።

ልብስ ሰፊው አቶ ድንቁ በጥቅምት መባቻ አረፉ። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ጎረቤታቸው ጌጤነህ ነበር። ጉድጓዱ ሲቆፈር ኮቱን አውልቆ ዶማ የጨበጠ፣ አፈሩ ሲመለስም አካፋ ያልለቀቀ እሱ ነው። ከዚያም ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮውን እየዘገነ «እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል!» ሲል ከረመ። ደግ ጎረቤት ነው፤ አይካድም። ችግሩ ቢሮ ሲገባ ሌላ ሰው መሆኑ ነው። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሞት የሚመዘግበው እሱ ነው።

የሟች ባለቤት እትዬ አልጣሽ ሠላሳ ዓመት የኖሩበት የቀበሌ ቤት ውሉ በባላቸው ስም ነበር። ወሩ ሳያልቅ ወደ ስማቸው ካላዞሩት ቤቱ ሊታሸግ ነው። ለማዞር ደግሞ የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። «ጌጤነህ አለልኝ» ብለው ሄዱ።

«ሟች መሞታቸው በምን ይረጋገጣል?» አለ ጌጤነህ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ? አንተው አይደለህ የቀበርከው?»

«እኔማ ቀብሬያለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የቀበርኩት ግን በግሌ ነው። ጽሕፈት ቤቱ አልሰማም። ሐኪም ቤት ቢሞቱ ኖሮ ወረቀት ይመጣ ነበር።»

«እቤቱ መሞቱ ጥፋት ሆነ?»

«ጥፋትስ አይደለም እትዬ፤ ለሥራ ግን አያመችም። ነገ ብቅ ይበሉ።»

በነጋታው የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ይዘው ሄዱ፤ ማኅተሙ ደብዝዟል ተባሉ። ሦስት ምስክር ይዘው ተመለሱ። «ሲቀበሩ ማን ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ ሦስቱም በአንድ አፍ «አንተ!» አሉት። ጌጤነህ ራሱን ነቀነቀ። «የእኔ ስም ያለበትን ቃል እኔው ብመዘግብ አድልዎ ይባልብኛል» ብሎ አሰናበታቸው። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ያን ዕለት እትዬ አልጣሽ ለባላቸው ካለቀሱት በላይ አለቀሱ። እንባቸውን ጠርገው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ላቀው ዘንድ ሄዱ።

«ጽሕፈት ቤቱ አልሰማም ይለኛል ጋሼ። ከቤቴ ልወጣ ነው።»

ጋሽ ላቀው ጺማቸውን ሲያሹ ቆዩና «ላልሰማ ሰው ምን ይደረጋል? መርዶ ይነገረዋል እንጂ!» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ቢሮው ሲከፈት እድርተኛው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንድም ድምፅ ሳያሰማ ተከታትሎ ገባ። ሽማግሌው ዘበኛ አባ ሺበሺ ማንን ፈትሸው ማንን እንደሚተዉ ግራ ገባቸው። ሁለት ጎልማሶች እንደ ወጉ የጌጤነህን ክንድ ግራና ቀኝ ያዙ። ጋሽ ላቀው ፊቱ ቆመው «ቁጭ በል ልጄ» አሉት።

የጌጤነህ ፊት አመድ መሰለ። «እናቴ ናት?» አለ።

«እናትህ ደህና ናቸው። ሰው ሆኖ የማይሞት የለም፤ በርታ። ልብስ ሰፊው ድንቁ አርፏል።»

ሴቶቹ ለቅሶውን አቀለጡት። የቀበሌው ሊቀመንበር ከማዶው ክፍል እየሮጡ መጡ።

«ማነው የሞተው?»

«አቶ ድንቁ!»

«ውይ! መቼ?»

«ወር ሊሞላቸው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተመዘገበም?»

ሁሉም ዞሮ ጌጤነህን አየው። እሱ ለእናቱ ብሎ የጀመረው እንባ አልቆም ብሎት ያለቅሳል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አሳዘነኝ። በአንድ እጁ ዓይኑን እየጠረገ በሌላው መዝገቡን ሳበ። «እሺ፤ ጽሕፈት ቤቱ ሰምቷል» አለና ጻፈ። እትዬ አልጣሽ ወረቀቱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው «እግዜር ያጽናህ» ብለውት ወጡ። ቤቱም በዚያው ቀን በስማቸው ዞረ።

ውጭ ወረፋ የያዙት ሰዎች ለቅሶው አስደንግጧቸው «ምን መጣ? ማን ምን ሆነ?» እያሉ አባ ሺበሺን ከበቧቸው። አባ ሺበሺም ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፍነው «ኧረ ምንም አይደል፤ ለቀባሪው አረዱት!» አሉ።