ዕንቁላሉ ያለ ድስት አልበስል አለ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ «የድስት ተረት» በሉኝና ጠጋ በሉ። ጠጋ ካላላችሁ አልጀምርም። ጠጋ አላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

አንጓች የምትባል ወጣት እናት ነበረች፤ ትሁኔ የምትባል ገና ድክ ድክ ያላለች ሴት ልጅ ነበረቻት። ባሏ ለቀን ሥራ ከተማ ስለሄደ የምትኖረው ከአማቷ ከእማማ ደብሬ ጋር ነው። አንጓች የፈለገችው ነገር ትንሽ ነበር። መሬት ይጨመርልኝ አላለችም፣ ቀሚስ ይገዛልኝ አላለችም። አንድ ዕንቁላል ቀቅላ ለልጇ ማብላት ፈለገች፤ ይኸው ነው።

የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ፋንታነሽ ያን ዕለት ጠዋት የትሁኔን ክንድ በመለኪያው ጥብጣብ ጠምጥማ ስትለካው ቢጫው ላይ አረፈ። ቢጫ ማለት ልጅቷ ከስታለች ማለት ነው። ከቢጫው ቀጥሎ ያለው ቀይ ነው፤ ቀዩ ላይ ደርሰው ያልተመለሱ የጎረቤት ልጆችን አንጓች በስም ታውቃቸዋለች።

«ጡትሽ ብቻ አሁን አይበቃትም» አለቻት ፋንታነሽ። «አጥሚቱም ውኃ ነው። ዕንቁላል ቀቅለሽ ገንፎዋ ላይ ፈርፍሪላት። ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ሰኞ መልሰሽ አምጫት።»

ዕንቁላልማ ነበረ። ግን ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ በሁዳዴ ደግሞ በእማማ ደብሬ ቤት ድስቱም ይጾማል። የሚጾመው ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጭልፋውም፣ ማንኪያውም፣ ምድጃውም ይጾማል። ጾሙ ሲገባ ሁሉም በአመድ ታሽተው ታጥበዋል። ከዚያ በኋላ ቅቤ ወይም ዕንቁላል ከነካቸው፣ በእነሱ የበላ ሰው ጾሙን ሻረ ማለት ነው።

«እማማ፣ በአንዷ ድስት ልቀቅልላት» አለች አንጓች።

«ልጅቷን ጹሚ መቼ አልኳት?» አሉ እማማ ደብሬ። «ሕፃን አይጾምም። ድስቴ ግን ይጾማል። የራሷን ድስት ካመጣሽላት ከአጥሩ ሥር ቀቅይላት፤ እኔ ምን ቸገረኝ።»

«አመድ ውስጥ ለምን አልቀበረችውም?» የምትል አትጠፋም፤ አውቃችኋለሁ። ቀብራዋለች። ፈነዳና ቤቱ ሁሉ ሸተተ። እማማ ደብሬ ምድጃውን ጠርገው አመዱን በሙሉ ደጅ አፈሰሱ፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልተናገሯትም። አሁን የቀረው ዕንቁላል አንድ ብቻ ነው፤ ዶሮዋም መጣል ልታቆም ጫፍ ላይ ናት። አንጓች ያችን አንዲት ዕንቁላል በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፣ ልጇን አዘለች፣ ገበያው እስኪደርስ መጠበቅ ስላልቻለች ወደ ሸክላ ሠሪዋ ወደ እትዬ ጥሩዬ ሄደች።

«እትዬ ጥሩዬ፣ አንዲት ድስት ስጡኝ። ልጄ ያለ ዕንቁላል አልፋፋ አለች፤ ዕንቁላሉ ያለ ድስት አልበስል አለ።»

«ድስትማ ሠርቻለሁ» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «ለልጅ የምትሆን ትንሽዬ። ግን ጥሬዋን ናት፤ ውኃ ሲነካት ጭቃ ትሆንብሻለች። መተኮሻ ማገዶ የለኝም። ጭራሮ ለቅመሽ እንዳታመጪልኝ፤ ፍልጥ ነው የምፈልገው። ከአያ ቢምረው ደጅ የደረቀ ግንድ ተጋድሟል፤ ይፍለጡልሽ።»

አንጓች ወጣች። ትሁኔ ጀርባዋ ላይ ሆና እየተነጫነጨች ነው። መነጫነጯ ደግ ነው፤ የሚነጫነጭ ልጅ ጉልበት አለው ብላ አንጓች ራሷን አጽናናች። አያ ቢምረውን ከግንዱ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አያ ቢምረው፣ ግንዱን ፍለጡልኝ። ልጄ ያለ ዕንቁላል አልፋፋ አለች፤ ዕንቁላሉ ያለ ድስት አልበስል አለ፤ ድስቱ ያለ ማገዶ አልተኮስ አለ።»

«እኔ ግንዱን ለአንቺ ሰስቼ ነው? መጥረቢያዬ ተሸርፎ አያ ታከለ ዘንድ ከገባ ቆየ። ከጎረቤት ተዋሱ እንዳትዪኝ፤ ባለፈው ተውሼ እጀታውን ሰብሬ እስካሁን አንነጋገርም። ሂጂና መጥረቢያዬን ካስጠገንሽ፣ ግንዱን እንደ ጎመን ነው የምከትፍልሽ።»

ጉረኛ ናቸው አያ ቢምረው፤ ይሁን። አንጓች ቁልቁለቱን ወረደች። ዕንቁላሉ እንዳይሰበር አንድ እጇን ደረቷ ላይ፣ ልጅቷ እንዳትንሸራተት አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። ትሁኔ መነጫነጯን ትታ ጣቷን መጥባት ጀምራለች። የቀጥቃጩ የአያ ታከለ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ መዶሻቸው ግን አይሰማም። መዶሻው ዝም ማለቱ አንጓችን ደስ አላላትም።

«አያ ታከለ፣ የአያ ቢምረውን መጥረቢያ ጠግኑልኝ። ልጄ ያለ ዕንቁላል አልፋፋ አለች፤ ዕንቁላሉ ያለ ድስት አልበስል አለ፤ ድስቱ ያለ ማገዶ አልተኮስ አለ፤ ማገዶው ያለ መጥረቢያ አልፈለጥ አለ።»

አያ ታከለ ወናፋቸውን አንስተው አሳዩአት። ቆዳው ከጎኑ ተቀዶ አፉን ከፍቷል። «ብረት በምን ላግል? በእስትንፋሴ? የፍየል ቆዳ አምጪልኝና በዚያው ቀን መጥረቢያሽን እሠራዋለሁ። እትዬ አዛለች ብዙ ፍየል አላቸው።»

ደግሞ ወደ ዳገቱ። እሷም ጿሚ ናት፣ እህል አልቀመሰችም። ከመንገዱ ዳር ቆማ እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የልጇን ክንድ በጣቶቿ ለካች። ጠዋት እንዲህ ነበር? ወይስ ከጠዋቱ ቀጠነ? በአንድ ቀን አይቀጥንም፤ ይህን ታውቃለች። ብታውቅም ልቧ አልሰማ አላት። ፈራች፤ ክፉኛ ፈራች። ትሁኔ ጣቷን ከአፏ አውጥታ ዝም ብላለች።

«እትዬ አዛለች፣ የፍየል ቆዳ ስጡኝ። ልጄ ያለ ዕንቁላል አልፋፋ አለች፤ ዕንቁላሉ ያለ ድስት አልበስል አለ፤ ድስቱ ያለ ማገዶ አልተኮስ አለ፤ ማገዶው ያለ መጥረቢያ አልፈለጥ አለ፤ መጥረቢያው ያለ ወናፍ አልጠገን አለ፤ ወናፉ ያለ ቆዳ አልነፋ አለ።»

እትዬ አዛለች በጣም አዘኑላት፤ ከልባቸው ነው ያዘኑት። «ውይ የኔ ልጅ። ፍየሎቹ እነዚያውልሽ፣ ቆዳቸውን ለብሰው ቆመዋል። በሁዳዴ ግን ማን ያርዳል? ፋሲካ ይድረስ፤ ቆዳውን ለሌላ ሰው አልሰጥም፣ ላንቺ ነው የማስቀምጠው።»

አንጓች መንገዱ መሐል ቀጥ ብላ ቆመች። ፋሲካ። ጾሙ ገና መገባደጃው አልታየም። ጭንቅ ጥብብ አላት። ትሁኔ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጥላለች፤ ተኝታ ይሁን ደክማ አንጓች መለየት አልቻለችም። «ትሁኔ» አለቻት። መልስ የለም። «ትሁኔዬ» ብላ ነቀነቀቻት። ልጅቷ ዓይኗን ከፈት አድርጋ መልሳ ከደነችው።

ፋሲካን ማን ይዞታል? ብላ አሰበች። ቤተ ክርስቲያን ነው የያዘው። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። አትሳቁባት፤ እናንተም ብትሆኑ ትሄዱ ነበር። የንስሐ አባታቸው ቄስ ይባቤ ከቅጥሩ በር ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። መስቀላቸውን ተሳለመችና ሳትቀመጥ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ዘንድሮ ፋሲካን ትንሽ ቀደም ማድረግ ይቻላል?»

ቄስ ይባቤ ሳቃቸው መጣ። «ምነው ልጄ፣ ዶሮ ወጥ አማረሽ?»

«እኔ ምንም አላማረኝም አባ። ልጄ ያለ ዕንቁላል አልፋፋ አለች፤ ዕንቁላሉ ያለ ድስት አልበስል አለ፤ ድስቱ ያለ ማገዶ አልተኮስ አለ፤ ማገዶው ያለ መጥረቢያ አልፈለጥ አለ፤ መጥረቢያው ያለ ወናፍ አልጠገን አለ፤ ወናፉ ያለ ቆዳ አልነፋ አለ፤ ቆዳው ያለ ፋሲካ አልገፈፍ አለ። ሁሉም ይጠብቃል። ልጄ ግን መጠበቅ አትችልም።»

ቄስ ይባቤ የትሁኔን እጅ ያዙ፤ በሁለት ጣታቸው ክንዷን ከበቡት። ሳቃቸው ጠፋ።

«ዕንቁላሉ የታለ?»

የነጠላዋን ጫፍ ፈታችላቸው። አልተሰበረም።

«አማትሽ ቤት ናቸው?»

«ቤት ናቸው።»

«በይ ነይ።» ከእሷ ቀድመው መንገድ ጀመሩ።

እማማ ደብሬ ቄሱን ሲያዩ ተሽቀዳድመው በርጩማ አቀረቡ። ቄስ ይባቤ አልተቀመጡም። ከመደቡ ላይ የተደረደሩትን ድስቶች አየት አደረጉና እማማ ደብሬን በክርስትና ስማቸው ጠሯቸው።

«ወለተ ማርያም፣ እነዚህን ድስቶች መቼ ነው ያስቆረብሻቸው?»

«ምን ይላሉ አባ? ድስት ይቆርባል እንዴ?»

«ካልቆረበ ማን ጹም አለው?»

እማማ ደብሬ መሬት መሬቱን አዩ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። «አባ፣ ነፍሴን ነው የምፈራው» አሉ በቀስታ። «ዕድሜዬ ገፍቷል። ጾም ሽሬ ብሞትስ?»

«ድስቱን ታጥቢዋለሽ፣ በማግስቱ ሽሮሽን ትሠሪበታለሽ። ውኃ የማያነጻው ድስት አላየሁም። ይህች ልጅ ብትሞት ግን፣ ወለተ ማርያም፣ እኛ የምንታጠብበት ውኃ የለም። አንቺም እኔም።»

አንጓች አማቷን ትመለከታለች። እማማ ደብሬ ተነሡ። ከድስቶቹ ሁሉ የሚሳሱላትን፣ የበዓል ወጥ የሚሠሩባትን አወረዱ። ውኃ ጨመሩባት፣ ምድጃው ላይ ጣዷት፣ እጃቸውን ለአንጓች ዘረጉ።

«አምጪው» አሉ።

ፋሲካ እዚያው ቀኑ ላይ ቀረ። ቆዳው ከፍየሏ ላይ ቀረ። ወናፉ እንደተቀደደ ቀረ፣ መጥረቢያው እንደተሸረፈ ቀረ፣ ግንዱ እንደተጋደመ ቀረ፣ የእትዬ ጥሩዬ ድስትም ጥሬዋን ቀረች። ዕንቁላሉ ግን በሰለ።

የመጀመሪያውን ማንኪያ ትሁኔ ተፋችው። አንጓች ሐሞቷ ፈሰሰ። እማማ ደብሬ ማንኪያውን ከእጇ ወሰዱ፤ አስኳሉን በገንፎው አላልተው፣ በእናቷ የጡት ወተት አርጥበው በማንኪያው ጫፍ ብቻ አቀመሷት። ትሁኔ ትንሽ አሰበች፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ዋጠች። ደግሞ አፏን ከፈተች።

ሰኞ ፋንታነሽ ለካቻት። አሁንም ቢጫው ላይ ናት፤ ተረት ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ወደ ቀዩ ግን አልሄደችም። «በዚሁ ቀጥዪ» አለች ፋንታነሽ፤ አንጓችም ያን ሁሉ ቀን ይዛው የቆየችውን ልቅሶ እዚያው በጤና ሠራተኛዋ በር ላይ ለቀቀችው።

በእማማ ደብሬ ድስት ለልጅ ዕንቁላል እንደሚቀቀል ወሬው ወጣ። በማግስቱ ጎረቤታቸው ልጇን አዝላ መጣች፤ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጭብጥ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። ለመናገር አፈረች። እማማ ደብሬ ነጠላዋን አዩ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ድብልብል ቋጠሮ አዩ። ከኋላዋ ሌላ እናት፣ ከሌላዋ ኋላ ሌላ፤ ሁሉም ነጠላቸውን ጨብጠዋል።

«እናንተም?» አሉ እማማ ደብሬ። ገብተው ድስቷን አመጡና ለፊተኛዋ ሰጧት። «ስትጨርሺ ለኔ አትመልሺ» አሏት። «ከኋላሽ ላለችው ስጪ።»

እኔም ይኸው ጨረስኩ። ተረቴን መልሱልኝ፤ ድስቷን ግን እንዳትመልሱ፤ ገና ያልበላ ልጅ አለ።