እማዋይሽ ተቀባይዋ

ኪ ኪ ኪ! ቆይ፣ ሆዴን ልያዝ! የእማዋይሽ ድምፅ ሲነሳ እኮ ሳቄ አይቆምልኝም። ዋናው ግን መጨረሻው ላይ ነው፣ ጠብቁኝ።

የአያቶቻችን አያቶች ገና ጡት ሳይጥሉ፣ እንኮይ ውሃ በምትባል የቆላ መንደር የማርያም ዘማሪዎች ማኅበር ነበረ። እመት ላቀች ግጥሙን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ውሃ ቀጂዋ እማዋይሽም ልዘምር ብላ መጣች። አፏን ስትከፍት ላቀች ጆሮዋን ያዘች።

«ውይ! አንቺ፣ ይሄ ድምፅ ነው ወይስ ወፍጮ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማዋይሽም አብራ ሳቀች። ከኋላ ቁሚ አሏት፣ ቆመች። ሃያ ዓመት እዚያው ቆማ ተቀበለች። የአውጪዋን ግጥም ግን አንድም ቀን በአፏ አላዞረችውም። በእንኮይ ውሃ እሱ ከእናት ወደ ልጅ ነው የሚወርደው፣ ተቀባይ አይነካውም።

ከዚያ ወባ ገባ። ላቀች ሞተች። ልጇ ተዋበች ከተረፉት ጋር ወደ ደጋ ሸሸች። እማዋይሽ ግን «የማርያም ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ባዶ ሊውል ነው እንዴ?» ብላ ቀረች።

በዓሉ ደረሰ። ከበሮዋን አንግታ ብቻዋን ቆመች። መታች። የላቀች ግጥም የሚፈጀውን ያህል ዝም አለች፣ ከዚያ ተቀበለች። ዝም አለች፣ ተቀበለች። ገደሉ ብቻ መለሰላት። በዓመቱም እንዲሁ። በዓመቱም እንዲሁ። ቤቷ ስትገባ የምታወራው ከእንስራዋ ጋር ነበር።

በአምስተኛው ዓመት የማዶ ዘማሪዎች መጡ።

«እማዋይሽ፣ ብቻሽን ከምታብጂ እኛ ጋ ነይ! ካልሆነም ራስሽ አውጪው፣ ማን ይሰማሻል?»

ልቧ ለመሄድ ተነሳ፤ ሰው ርቧታል። ግን «ተዋበች አንድ ቀን ብትመለስ መቀበያውን ከማን ታገኘዋለች?» አለች። ሄዱ። ጀርባቸው እስኪሰወር አየቻቸው።

በሰባተኛው ዓመት የከበሮው ቆዳ ተቀደደ። በጭብጨባ ጀመረች። ተቀበለች፣ ዝም አለች። በዝምታው መሃል ከቅጥሩ በር በኩል የላቀች ግጥም መጣ! ተዋበች ናት፣ ጠጉሯ ሸብቶ፣ ከተመለሱት ጋር። እኩሌታው ላይ ለቅሶ ቀደማትና ግጥሙን አቋረጠችው።

ለዚህ ነው ዛሬም በእንኮይ ውሃ ተቀባዮቹ ቀድመው የሚጀምሩት፣ አውጪዋ ኋላ የምትገባው። እንግዳ የተገላቢጦሽ ነው እያለ ይስቃል። ይሳቅ!

እማዋይሽማ ያን ዕለት ዞራም አላየቻት። ጭብጨባዋን ሳታቆም እንዲህ አለች፦

«ተዋቡ፣ ዘግይተሻል። በይ ጨርሺውና ልቀበል።»